«ምራቴና እኔ አንድም የጋራ ቃል የለንም»፦ ከደሴ ለተላከ ጥያቄ የቋንቋ ባለሙያ ምላሽ

ጥያቄ፦

እየነገርኳት የምትጽፍልኝ ሴት ልጄ ነች። ቤቴ ደሴ፣ ቧንቧ ውሃ አካባቢ ነው። ወንዱ ልጄ ጓንጁ እየተመላለሰ ሲነግድ ቆይቶ የዚያን አገር ልጅ አግብቶ መጣ። ጠዋት ኮምቦልቻ ይወርዳል፤ የሚመለሰው ማታ ነው። ሴቷም ትምህርት ቤት ትውላለች። ቀኑን ሙሉ እኔና ምራቴ ብቻችንን ነን። እሷ አማርኛ አትሰማ፣ እኔ ቻይንኛ አልሰማ፣ እንግሊዝኛ ደግሞ ሁለታችንም ዘንድ የለም። ልጅቷ ጨዋ ነች፤ ክፉ አላየሁባትም። ግን ቡና ስቀዳላት ረከቦቱን በጣቷ ትመታብኛለች። ከምግቡ ሁልጊዜ ታስተርፋለች፤ እጄን ጠልታው ይሆን? ለእራት ስንት እንቁላል ልቀቅል ብላት ሁለት ጣት አሳየችኝ፤ ሁለት ብቀቅል ድስቱን አይታ ሳቀች። በስልኩ መተርጎሚያ «ሆዴ» ብላት ብድግ ብላ ውሃ አፍልታ አመጣችልኝ። «ማ» ትለኛለች፣ «እኔ ነኝ» እላታለሁ፤ ትንሽ ቆይታ ደግሞ «ማ» ትላለች። ልጄ ሲመጣ ሩብ ሰዓት ታወራውና «ደህና ነኝ ትላለች» ብሎ ይነግረኛል። በምልክት እየተጠቃቀሱ መኖር ይቻላል ወይ? ምን ብዬስ ልጥራት? ፓስፖርቷ ላይ መጀመሪያ የተጻፈው ቼን ስለሆነ ቼን እላታለሁ፤ ስትሰማኝ ፈገግ ትላለች።

ምላሽ፦

እናቴ፣ ከሁሉ በፊት የረከቦቱን ነገር ላንሳ፤ ከዘረዘሩት ሁሉ ሆድዎ ውስጥ የገባው እሱ ይመስለኛልና። እኛ ቤት ረከቦት የሚመታ ሰው «ምነው ዘገየ» እያለ ነው፤ ምራት አማቷ ላይ ካደረገችውማ ለወሬ አይመችም። ጓንጁ ዋና ከተማው በሆነችው በጓንግዶንግ ክፍለ ሀገር ግን ሻይ የቀዳልዎትን ሰው የሚያመሰግኑት እንዲህ ነው። አመልካችና መሀል ጣትን አጠፍ አድርጎ ጠረጴዛውን ሁለት ሦስቴ መታ መታ። ጨዋታው ሳይቋረጥ፣ አፍ ሌላ ወሬ ላይ እያለ የሚሰጥ ምስጋና ነው። አገሬው ሲተርክ፣ በ18ኛው ክፍለ ዘመን የነገሠው ቺያንሎንግ የሚባል ንጉሠ ነገሥት ተራ ሰው መስሎ አገር ሲዞር አንድ ሻይ ቤት ገብቶ ለአሽከሩ ሻይ ቀዳለት ይላል። አሽከሩ መሬት ወድቆ እጅ ቢነሳ የጌታው ማንነት ሊታወቅ ነው፤ ዝም ቢል ደግሞ ነውር ነው። ሲጨንቀው ሁለት ጣቱን እንደ ጉልበት አጥፎ ጠረጴዛው ላይ አንበረከካቸው። ተረት ነው፤ እውነቱን ማንም አላጣራውም። ከእንግዲህ ግን ረከቦቱ ሲመታ እነዚያን ሁለት ጣቶች ጉልበት ናቸው ብለው ይዩአቸው።

እኔ የቋንቋ ጥናት ሰው ነኝ። ተወልጄ ያደግሁት ደሴ ነው፤ ሥራዬ ግን ቋንቋውን ከማላውቀው ሰው ፊት ተቀምጬ ከአፉ ቃል መልቀም ነው። ብዙ ጊዜ በመሀላችን አስተርጓሚ አይኖርም። በዚህ ሥራ ያየሁትን ልንገርዎ። ያልገባን ነገር ፊት ላይ ስለሚታይ ይጠየቃል፣ ይስተካከላል። ሰውን የሚያቀያይመው ገባኝ ተብሎ የታለፈው ነው።

ጀማሪ ሳለሁ አፋር ውስጥ፣ ከሚሌ ወዲያ፣ አንድ ሽማግሌ ዘንድ ተቀመጥኩ። ውሃ በኩባያ ይዘውልኝ መጡ። እኔም ተማርኩ ባይ ነኝና ውሃውን በጣቴ ጠቆምኩ። አንዲት ቃል አሉኝ። ደብተሬ ላይ «ውሃ» ብዬ ጻፍኩ። ሁለት ቀን ሙሉ በጠማኝ ቁጥር ያቺን ቃል እያልኩ ስዞር ሰዉ ሁሉ እጁን ይዘረጋልኛል። በሦስተኛው ቀን አማርኛ የሚያውቅ አንድ ሹፌር እየሳቀ ነገረኝ፤ ቃሏ «እንካ» ማለት ናት። ባዶ እጄን ይዤ «እንካ፣ እንካ» እያልኩ ስዞር፣ ጨዋ ሰዎች ስለሆኑ የሌለውን ነገር ሊቀበሉኝ እጃቸውን ይዘረጉ ነበር። ውሃ በአፋርኛ ሌ ነው። እስከ ዛሬ አልረሳትም።

የእርስዎም እንቁላል እንደዚያው ነው። ያሳየችዎት አውራ ጣቷንና አመልካች ጣቷን ነው አይደል፣ ሌሎቹን አጥፋ? ቻይናዎች ከ1 እስከ 10 የሚቆጥሩት በአንድ እጅ ነው። እስከ 5 ድረስ ከእኛ አይለይም። ከዚያ ወዲያ ግን ጣት እንደ ፊደል ቅርጽ አለው። አውራ ጣትና ትንሿ ጣት ሲዘረጉ 6 ነው፤ አውራ ጣትና አመልካች ጣት 8፤ አመልካች ጣት ብቻዋን እንደ ማጭድ ስትቆለመም 9። ለ10 አንዳንዱ ጭብጡን ያሳያል፣ አንዳንዱ የሁለት እጁን አመልካች ጣቶች ያመሳቅላል። እርስዎ፣ ሁለቱ ልጆችዎና እሷ አራት ናችሁ። ለያንዳንዳችሁ ሁለት ሁለት አስባ 8 ብላዎታለች። ያን ሁሉ ሰው ለሚያበላ ድስት ሁለት እንቁላል ብቻቸውን ሲንከባለሉበት ብታይ ምን ታድርግ፣ ሳቀች።

በሶማሌ በኩል ግመል ገበያ ላይ ገዥና ሻጭ እጅ ለእጅ ተያይዘው፣ ከላይ ጨርቅ ጣል አድርገው፣ በጣት ዋጋ ሲነጋገሩ ያዩ ሰዎች «አየህ፣ ጣት ቋንቋ አያስፈልገውም» ይሉኛል። ያስፈልገዋል እንጂ! የትኛው አያያዝ ስንት እንደሆነ ሁለቱም ቀድመው ያውቁታል። ስለዚህ ከእንግዲህ ቁጥር ሲሆን ጣት ይተዉ። እንቁላሉን እራሱን አንድ በአንድ መዳፏ ላይ ያስቀምጡ፤ በቃ ስትል ትመልሳለች።

ከእርስዎም በኩል እሷን የሚያስደነግጣት አይጠፋም። እኛ ሰው ሲያጫውተን «አዎ» ለማለት ትንፋሻችንን ወደ ውስጥ ሳብ እናደርጋለን። ለእኛ «እየሰማሁ ነው፣ እሺ» ነው፤ አብሮት ላላደገ ሰው ግን እባብ የረገጠ ሰው ድምፅ ነው። አገራችን በገባ ሰሞን ይህን ሰምቶ «ምን አጠፋሁ?» ብሎ ኋላውን የሚያይ ፈረንጅ ስንት አጋጥሞኛል። ምልክት የሰው ልጅ ሁሉ ነው የሚባለውን አይመኑ፤ ቡልጋሪያ ሄደው ራስዎን ከላይ ወደ ታች ቢነቀንቁ «አይሆንም» ብለው አረፉት። ሰዓትም አለ። «ልጄ 1 ሰዓት ይገባል» ለማለት አንድ ጣት ቢያሳዩዋት፣ በእሷ አቆጣጠር 1 ሰዓት የሚሆነው እኛ 7 ሰዓት ስንል ነው፤ ከምሳ ጀምራ በር በር ስታይ ትውላለች። እሷ ስልክ ላይ የእኛ ማታ 1 ሰዓት 19 ነው። ከቁጥሩ ይልቅ ጦሳን ያሳዩዋት፤ ፀሐይ ከጦሳ ጀርባ ስትገባ፣ ከዚያ በኋላ ባልሽ ይመጣል።

ደግነቱ የገጠመላችሁም ብዙ ነው። ሰው ስንጠራ መዳፋችንን ወደ መሬት አድርገን ጣታችንን እንደምናወዛውዝ ሁሉ ቻይናዎችም እንደዚያው ናቸው። ዕቃ በሁለት እጅ መስጠትና በሁለት እጅ መቀበል እነሱም ዘንድ ክብር ነው። ስለዚህ ሲኒውን ጀባ ሲሏት በሁለት እጅ ያድርጉት፤ እሱን ማንም ሳያስተረጉምላት ትረዳዋለች።

እንግዲህ ምልክት ካላዋጣ ምን ያዋጣል? እኔ አብሮ መሥራት እላለሁ፤ አብሮ መቀመጥ እንኳ እሱን አያህልም።

ኬኔት ፓይክ የሚባል አሜሪካዊ የቋንቋ ሊቅ ነበር። በሕዝብ ፊት ቆሞ፣ ፈጽሞ ከማያውቀው ቋንቋ ተናጋሪ ጋር፣ በመሀላቸው የጋራ ቃል ሳይኖር ቋንቋውን መፍታት ይጀምራል። መሣሪያው ቅጠልና እንጨት ነው። አንድ ቅጠል ያሳያል፤ ሰውየው የሚለውን ሰሌዳ ላይ ይጽፋል። ከዚያ ሁለት ቅጠል፣ ከዚያ ትልቅ ቅጠል፣ ከዚያ ትንሽ ቅጠል። ብዙም ሳይቆይ የቋንቋው አጥንት ሰሌዳው ላይ መታየት ይጀምራል። ዘዴው በአንድ ጊዜ አንድ ነገር ብቻ መለወጥ ነው። ቅጠሉን ሲያበዛ ዓይነቱን አይነካም፤ መጠኑን ሲለውጥ ቁጥሩን አይነካም። እኔ ሚሌ ላይ ጉድ የሆንኩት እዚህ ላይ ነው። ውሃው፣ ኩባያው፣ የሚሰጠኝ እጅና የደረቀው ከንፈሬ አንድ ላይ ነበሩ፤ ሽማግሌው የቱን እንደጠቆምኩ በምን ያውቁ?

እርስዎ ከፓይክ የተሻለ ዕቃ አለዎት፤ ረከቦቱ። ነገ ቡና ሲያቀርቡ አንድ ሲኒ ያንሱና «ሲኒ» ይበሉ። ሌላ ይጨምሩ፤ «ሁለት ሲኒ»። አንዱን ይቅዱት፤ «ሙሉ ሲኒ»፣ «ባዶ ሲኒ»። ከዚያ ዝም ይበሉና ሲኒውን ወደ እሷ ያስጠጉት። በራሷ ቋንቋ ትልልዎታለች። ይድገሙት፤ ያበላሹታል፤ ትስቃለች። መሳቋን ይፈልጉት፤ እስካሁን እሷ ብቻ ነበረች የምትሳሳተው፣ አሁን ሁለት ሆናችሁ። እኔ የሄድኩበት አገር ሁሉ ሰዎች እኔን የቀረቡኝ የእነሱን ቃል አጣምሜ ከተናገርኩበት ሰዓት ጀምሮ ነው።

ስም ቀላል ነው፤ የሚከብደው ግሥ ነው፤ ለግሥ ደግሞ ቡናን የመሰለ ትምህርት ቤት አላየሁም። ፍሬው ይለቀማል፣ ይታጠባል፣ ይቆላል፣ ይወቀጣል፣ ይፈላል፣ ይቀዳል። እያንዳንዱ የራሱ ድምፅ፣ የራሱ ሽታ አለው። ውሃው ምጣዱ ላይ ጭስስ ይላል፤ ፍሬው ሲንጣጣ አንደኛው ዘሎ ይወጣል፤ ዘነዘናው ሙቀጫው ውስጥ ዱም ዱም ይላል። ቃሉ ከዚያ ድምፅ ላይ ተጣብቆ ይቀራል። ደግሞ በማግሥቱ ያው ሥራ በያው ቅደም ተከተል ይመጣል። መቅዳቱማ በአንድ መቀመጫ ሦስት ጊዜ ነው፤ አቦል፣ ቶና፣ በረካ። ሕፃን ልጅ አፍ የሚፈታው እንዲህ በሚደጋገም ነገር ነው፤ ዕለት ዕለት ያው ገላ መታጠብ፣ ያው ጡት፣ ያው እሽሩሩ።

ግን አንድ ነገር አለ። ሙሽራ ናት ብለው ወንበር ላይ አስቀምጠዋት ከሆነ ይህ ሁሉ አይሠራም። እኛ ወሎዎች እንግዳን ሥራ ማስነካት ነውር ነው እንላለን፤ እንግድነቱ ግን የሚያልቅበት ቀን አለው። መቁላቱን ይስጧት። ታሳርረዋለች። ያረረውን ቡና አብራችሁ ጠጡት። «አረረ» የሚለውን ቃል ዕድሜዋን አትረሳውም።

ሲያናግሯት ድምፅዎን ከፍ አያድርጉ፤ ጆሮዋ ደህና ነው። ያሳጥሩ፣ ቀስ ይበሉ፣ ቃሉን ደግሞ አይለዋውጡባት፤ ዛሬ «ሲኒ» ያሉትን ነገ «ፍንጃል» አይበሉት። ጠ እና ተ፣ ቀ እና ከ ሰሞኑን አንድ ይሆኑባታል፤ «ጠራ» ያሉት «ተራ» ሆኖ ይሰማታል። ማጥበቅና ማላላታችንም ያስቸግራታል። እኛ «አለ» ብለን አላልተን ተናገረ፣ አጥብቀን ኖረ እንላለን፤ ጽሑፉ ላይ እንኳ ልዩነት የለው።

ሰው ሲያወራ አለመግባባት የሚያስደነግጥ ነገር አይምሰልዎት። በኔዘርላንድ የሚሠራው ማርክ ዲንገማንሰና ባልደረቦቹ በ12 ቋንቋዎች የተቀረጸ የቤትና የሰፈር ወሬ መርምረው በ2015 እንደ ፈረንጆቹ አቆጣጠር ያሳተሙት ጥናት አለ። አፍ በፈቱበት ቋንቋ፣ ከሚያውቁት ሰው ጋር የሚያወሩ ሰዎች፣ በአማካይ በ1.4 ደቂቃ አንድ ጊዜ «እ?»፣ «ማን?»፣ «እንዲህ ማለትህ ነው?» እያሉ ወሬያቸውን ያርማሉ። በየደቂቃ ተኩሉ ማለት ነው! ከዚያ ቀደም ብለው ደግሞ ይህችን «እ?» በብዙ ቋንቋ አወዳድረዋት፣ ዝምድና በሌላቸው ቋንቋዎች ሳይቀር አጭርና ተመሳሳይ ሆና አግኝተዋታል። እርስዎና ምራትዎ የጋራ ቃል የለንም ብለዋል፤ ይህቺ አለቻችሁ። ቅንድብዎን ከፍ አድርገው «እ?» ይበሏት። እሷም ስትልዎት «እሺ» ብለው አይለፏት፤ ያንኑ ነገር በዕቃው መልሰው ያሳዩዋት። እኔ የምፈራው የሁለታችሁንም ጨዋነት ነው። ሁለት ጨዋ ሰዎች ሳይገባቸው ፈገግ እየተባባሉ ዓመት ሊኖሩ ይችላሉ።

ወደሚተርፈው ምግብ ልምጣ፤ ትንሽ ዞር ብዬ ነው የምመጣው።

በ6ኛው ክፍለ ዘመን ኮስማስ የሚባል ግሪክኛ ተናጋሪ ነጋዴ አዱሊስ ድረስ መጥቶ ነበር። የአክሱም ንጉሥ በአገው ገዥ በኩል ሳሱ ወደሚባል አገር ወርቅ የሚያመጡ ሰዎች ይልክ እንደነበር ጽፏል። ሌሎች ነጋዴዎችም ተከትለው ስለሚሄዱ ከ500 ይበልጣሉ። የሚይዙት ከብት፣ ጨውና ብረት ነው። ሲደርሱ ይሰፍሩና ዙሪያውን በእሾህ ያጥራሉ፤ ከብቱን አርደው ሥጋውን፣ ጨውና ብረቱን እሾሁ ላይ ያኖራሉ። ያገሩ ሰዎች የወርቅ ፍሬ ይዘው ይመጣሉ፤ በወደዱት ሥጋ ወይም ጨው ላይ አንድ ሁለት ፍሬ አስቀምጠው ራቅ ብለው ይቆማሉ። ባለ ሥጋው ወርቁ ከበቃው ያነሳዋል፤ ያም መጥቶ ሥጋውን ይወስዳል። ካልበቃው አይነካውም። ያኛው ያንን አይቶ ወይ ይጨምራል፣ ወይ ወርቁን አንስቶ ይሄዳል። ኮስማስ ምክንያቱን ሲያስረዳ፣ ቋንቋቸው የተለየ ነው፣ አስተርጓሚም እንደ ልብ አይገኝም ይላል።

ተማሪዎቼ ይህን ሲሰሙ የሚገርማቸው ወርቁ ነው። እኔን የሚገርመኝ ያ አለመንካት ነው። «አይሆንም» የሚባልበት ቦታ ነበራቸው፤ ተናጋሪውን ሳያስቀይም፣ ሰሚውን ሳያሳፍር። ራቅ ብሎ መቆሙም ትልቅ ነገር ነው፤ ሌላው ሰው ዓይን ሳይበዛበት አስቦ እንዲመልስ።

በእኛ ማዕድ ላይ ግን «አይሆንም» መቀመጫ የለውም። ጠግቤአለሁ ያለ ሰው «በሞቴ»፣ «አፈር ስሆን» ተብሎ ሦስት ጉርሻ ይጨመርለታል። ይህን ደግሞ ከእሷ አገር ልማድ ጋር ያጋጥሙት። በብዙ የቻይና ቤት እንግዳ ሳህኑን ሙልጭ ካደረገው ባለቤቷ «አልበቃውም መሰል» ብላ ትሸማቀቃለች። ጥቂት ማስተረፍ «ተትረፍርፎ ቀርቦልኛል» ማለት ነው። ምራትዎ አመሰግናለሁ እያለች፣ እርስዎ አልጣመኝም ይሰማዎታል፤ እርስዎም ይጨምሩላታል፤ እሷም እንደገና ታስተርፋለች። እንጀራው መሀል ቤት ተንገላታ።

በእርግጥ የማትወደው ነገር ካለ ለማወቅ እንደ ሳሱ ነጋዴዎች ያድርጉ። አልጫውንም ቀዩንም በየድስቱ ያቅርቡና ጭልፋውን ለእሷ ሰጥተው ጓዳ ይግቡ። ሲመለሱ የትኛው ድስት ዝቅ እንዳለ ይዩ። ሦስት አራት ቀን ካዩት ልጅዎን መጠየቅ አያስፈልግዎትም። ጉርሻውን ግን አይተዉት። እነሱም ዘንድ ታላቅ ለሚወደው ታናሽ፣ ታናሽም ለሚያከብረው ታላቅ፣ ከማዕዱ ምርጧን ቁራጭ በመብያ እንጨቱ አንስቶ ሳህኑ ላይ ማኖር አለ። ምናልባት አንድ ቀን የሥጋ ቁራጭ በእርስዎ በኩል አስቀምጣልዎት፣ «ምን ነካት፣ የማትበላውን ወደ እኔ ትገፋለች» ብለው ይሆናል። አጉርሳዎት ነበር።

ደግሞም እርስዎ የወሎ ሰው ነዎት። አንዱ ዘመድ ሲጾም አንዱ በማይጾምበት፣ አንዱ ቤት ለረመዳን ሌላው ለፍልሰታ ድስቱ በሚለይበት አገር ነው የኖሩት። ማን ምን እንደሚበላና እንደማይበላ ሰው ፊት ሳይጠይቁ ማወቅ የለመዱት ነገር ነው።

ስልኩን በተመለከተ፣ ጎግል መተርጎሚያው አማርኛን የጨመረው በ2016 እንደ ፈረንጆቹ አቆጣጠር ነው፤ ከዚያ ወዲህ ብዙ ተሻሽሏል፣ «ሆዴ» ላይ ግን ገና ነው። እሱ ዘንድ ሆድ ሆድ ነው። ልጅቷ የሰማችው አማቷ «ሆዴን! ሆዴን!» ሲሉ ነው። ቻይና ቤት ውስጥ ለቁርጠትም፣ ለብርድም፣ ለድካምም መጀመሪያ የሚቀርበው ሙቅ ውሃ ነው፤ ሮጣ አፈላችልዎት። ጠጡት አይደል? እኔ ብሆን እጠጣው ነበር። መተርጎሚያውን ለዕቃና ለቀጠሮ ብቻ ይጠቀሙበት። አጭር ዓረፍተ ነገር ይስጡት፤ ቻይንኛ ያደረገውን መልሶ ወደ አማርኛ እንዲገለብጠው ያድርጉና ልጅዎ ታንብብልዎት፤ ያሉት ነገር ካልተመለሰ አያሰሟት። ሆድ፣ አንጀት፣ ዓይን፣ ነፍስ የገባበት አነጋገር አያስጠጉት። «አንጀቴን በላሽው» ብለው በስልክ እንዳያስተረጉሙ፣ አደራ!

የልጅዎን ነገር ደግሞ አይፍረዱበት። ሚስቱና እናቱ መሀል የቆመ ወንድ የሚያስተረጉመው ሰላም የሚያወርደውን ብቻ ነው። ሩብ ሰዓት ሰምቶ «ደህና ነኝ ትላለች» ማለቱ ለዚያ ነው። በሳምንት አንድ ቀን፣ እሁድ ቡና ላይ ቢሆን፣ መሀላችሁ ያስቀምጡትና አንድ ዓረፍተ ነገር በተናገረች ቁጥር ያስቁሟት፤ እሱም «እሷ እንዲህ ትላለች» ማለቱን ትቶ «እኔ» እያለ ይመልስ። «እኔ ማታ ይበርደኛል»፣ «እኔ እናቴ ትናፍቀኛለች»። የሠለጠነ አስተርጓሚ የሚሠራው እንዲህ ነው፤ «እኔ» ሲል ማሳጠር አይችልም፣ አፉ ላይ ይቀርበታል። መጀመሪያ ያፍራል፤ ይለምደዋል።

በዕቃና በቡና የማይሆን ነገርም አለ፤ ሕመም፣ መድኃኒት፣ ገንዘብ፣ ሰነድ። አንድ ጊዜ አንድ ጤና ተቋም ውስጥ ላስተረጉም ተጠርቼ ሄጄ፣ ከእኔ በፊት ነርሷ ለአንዲት እናት ኪኒን ሰጥታ ሦስት ጣት አሳይታት ነበር። በቀን ሦስቴ ማለቷ ነው። እናትየዋ ሦስቱን በአንድ ጊዜ ወስዳ ነው የደረስኩት። ክፉ አላገኛትም፤ ነርሷ ግን ቀኑን ሙሉ እጇ ሲንቀጠቀጥ ነበር የዋለው። ምራትዎ ካመማት ወዲያው ለልጅዎ ይደውሉ፤ ኮምቦልቻ ሥራ ላይ ቢሆንም ሐረጎን እየወጣ በስልክ ያስተረጉማል።

የቀረው ስሟ ነው። ቼን የእሷ ስም አይደለም፣ የዘሯ ነው። እነሱ የቤተሰቡን ስም አስቀድመው የሰውየውን ያስከትላሉ። ቼን ደግሞ በጓንግዶንግ ከሁሉ የበዛው የቤተሰብ ስም ስለሆነ፣ ጓንጁ ገበያ መሀል «ቼን!» ብለው ቢጣሩ ስንቱ ይዞራል። ፈገግታዋ ለዚያ ይመስለኛል። አግብታም በአባቷ ቤት ስም መጠራቷ እንደኛው ነው፤ የባልን ስም አትወስድም። ወሎ ውስጥ አማት ለምራቷ ስም ማውጣቷ ያለ ነው፤ ያወጡላታል፣ አይቸኩሉ። መጀመሪያ የራሷን ይልመዱላት። ደረትዎን ነክተው ስምዎን ይበሉ፤ ከዚያ መዳፍዎን ወደ እሷ አድርገው ዝም ይበሉ። የምትለውን ይድገሙ። ታርምዎታለች። እንደገና ይበሉ፤ ማረሟን እስክትተው ድረስ። ዜማውንም አብረው ይያዙት፤ በእነሱ ቋንቋ ዜማው ሲቀየር ቃሉ ሌላ ይሆናል። «ማ» የምትለዋ አንዲት ድምፅ በዋናው ቻይንኛ ከታች ወደ ላይ ስትወጣ የቃጫ ተክል ናት፣ ዝቅ ብላ ስትነሳ ፈረስ፣ ከላይ ስትወረወር ስድብ። ከፍ ብላ ሳትወዛወዝ ስትባል ደግሞ እናት ናት፤ ብዙ ምራት የባሏን እናት የምትጠራው እንደ ወለደቻት እናቷ በዚህችው «ማ» ነው። እርስዎ ማን ነው የምትል መስሎዎት «እኔ ነኝ» ሲሏት ኖረዋል። አይቀይሩት።